ስምሽን አታበድሪ

«እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎት ከደብረ ብርሃን ነው። ዕድሜዬ 34 ነው፤ የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ከሦስት ሴቶችና ከአንድ ወንድ ጋር ተደራጅተን ብየዳ እንሠራለን። በር፣ መስኮት፣ የሱቅ መደርደሪያ፣ የግቢ አጥር፣ የመጣውን ሁሉ።

ሰሞኑን በከተማችን የታክሲና የአውቶቡስ ፌርማታ ላይ የሚተከል የተሳፋሪ መጠለያ ለማሠራት ጨረታ ወጣ። አግዳሚ ወንበር ያለው ነው፤ ብዛቱ 12። ሥራው ልክ የእኛ ሥራ ነው። ግን ሰነዱ ባለፉት 3 ዓመታት ተመሳሳይ ሥራ ለመንግሥት የሠራ ይላል። እኛ ለመንግሥት ሠርተን አናውቅም። ይህን የሰማ አንድ ተቋራጭ መጥቶ ‹ሴቶች ናችሁ፣ ጥቃቅን ናችሁ፣ አስተያየት ይደረግላችኋል። በእናንተ ስም እንግባ። ገንዘቡን እኔ አወጣለሁ፣ የልምድ ወረቀቱንም እኔ እጨርሳለሁ። እናንተ መፈረም ብቻ ነው፤ 50 ሺህ ብር እሰጣችኋለሁ› አለን። ግማሾቻችን እንቀበል፣ ግማሾቻችን ይቅር እንላለን።

አሜሪካ አውቶቡስ የሚነዳ ወንድም አለኝ። እዚያ የትራንስፖርት ድርጅቶች ለሴቶችና ለጥቁሮች ሥራ የሚሰጡበት ሕግ አለ ይለኛል። የእኛስ ሕግ ምን ይላል?

አንድ ነገር ልጨምር። አባቴ ቀጥቃጭ ነው። በማጭድና በማረሻ ነው ያሳደገን። ማኅበራችን የተመዘገበው በእሱ ስም ነው። አንዷ ጓደኛችን ‹የጠይብ ልጆች እያሉ ይንቁናል፣ ጨረታ ከመግባታችን በፊት ስሙን እንቀይር› ትላለች። ምን ይመክሩኛል? ብየዳ ሠሪዋ።»

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ቸኩለሽ የምትጠብቂውን ልመልስልሽና ሌላውን ቀስ ብለን እናውራ። 50 ሺህ ብሩን አትቀበሉ።

ብሩ ስለሚያንስ አይደለም። ለአምስት ሲካፈል 10 ሺህ፣ 10 ሺህ ይደርሳችኋል። የትምህርት ቤት ክፍያ ለደረሰባት እናት ይህ ቀላል ገንዘብ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን ሰውየው የሚፈልገው እጃችሁን አይደለም፤ ስማችሁን ነው። ስም ሲበደር ደግሞ ዕዳው ከባለስሙ ጋር ይቀራል። ውሉ ላይ የምትፈርሚው አንቺ ነሽ። ሥራው ቢዘገይ የመዘግየቱ ቅጣት የሚቆረጠው ከእናንተ ነው። ብረቱ ቀጥኖ ቢገኝ የሚጠየቀው የእናንተ ማኅበር ነው። ነገሩ ከከፋ ከመንግሥት ግዥ የምትታገዱት እናንተ ናችሁ። እሱ በሚቀጥለው ወር ሌሎች ሴቶች ፈልጎ ይሄዳል።

ግብሩንም አስቢው። ክፍያው በሙሉ የሚገባው በእናንተ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ነው። ለምሳሌ 800 ሺህ ብር ገቢ ተመዝግቦባችሁ እጃችሁ የገባው 50 ሺህ ይሆናል። ዓመቱ ሲዞር ገቢዎች «ወጪያችሁን በደረሰኝ አሳዩ» ሲላችሁ ምን ታሳያላችሁ? ደረሰኙ ያለው እሱ ጋ ነው። «የልምድ ወረቀቱን እኔ እጨርሳለሁ» ያለው ደግሞ ከሁሉም ይብሳል። ያልሠራችሁትን ሥራ ሠርተዋል የሚል ወረቀት አንድ ስም ብቻ ነው ያለው፤ ሐሰተኛ ሰነድ። እሱ በወንጀል ያስጠይቃል፤ የሚጠየቀውም ፈርሞ ያቀረበው ሰው ነው።

እኔ ለዓመታት የጨረታ ኮሚቴ ውስጥ ሠርቻለሁ። አንድ ርክክብ ላይ ያየሁትን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ያሸነፈው የሴቶች ማኅበር ነው ተብሎ ደስ ብሎን ነበር። ሰብሳቢዋ መጣች። ነጠላዋን አጣፍታ ዳር ላይ ቆመች። መሐንዲሱ የውፍረት መለኪያ ካሊፐሩን ከኪሱ አወጣና የቱቦላሬውን፣ የውስጡ ክፍት የሆነውን ብረት፣ ጫፍ ለካ። «ውሉ 1.5 ሚሊ ሜትር ነው የሚለው፤ ይሄ 1.2 ነው። ለምን ሆነ?» አላት። ሴትዮዋ መልስ አልነበራትም። ዞር ብላ ከኋላዋ የቆመውን ሰውዬ አየችው። እሱ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ ከግቢው ወጣ። እሷ እዚያው ቀረች፤ የነጠላዋን ጥለት በጣቶቿ እየጠቀለለች። ከዚያ ቀን በኋላ ያንን ማኅበር ጨረታ ላይ አይቼው አላውቅም።

ጥፋቱ የእሷ ብቻ አልነበረም። እኛ ኮሚቴዎቹ «የሴቶች» የሚል ወረቀት አይተን ምልክት አደረግን እንጂ ሼዱ ድረስ ሄደን ማን እንደሚበይድ አላየንም። አንድ ግማሽ ቀን ብንሰጠው ያቺ ሴት አትዋረድም ነበር። እስከ አሁን ይቆጨኛል።

አሁን ወደ ሕጉ ልምጣ። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 35 ሴቶች ከኖሩበት የበታችነት ታሪክ የተነሳ የተለየ ድጋፍ ይገባቸዋል ይላል። በግዥ በኩል ደግሞ የፌዴራሉ የ2001 ዓ.ም. የግዥና ንብረት አስተዳደር አዋጅ፣ ቁጥር 649፣ ለጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት አስተያየት እንዲደረግ ደነገገ። በ2002 ዓ.ም. የወጣው መመሪያ ዝርዝሩን አስቀመጠ። በዚያ መመሪያ መሠረት ጥቃቅኖች የጨረታ ሰነዱን በነፃ ይወስዱ ነበር። ሲፒኦ፣ ማለትም በባንክ የተረጋገጠ የክፍያ ማዘዣ፣ ከማስያዝ ይልቅ ካደራጃቸው መሥሪያ ቤት የዋስትና ደብዳቤ ያመጡ ነበር። በዋጋ ሲወዳደሩ ደግሞ የ3 በመቶ ብልጫ ይታሰብላቸው ነበር። አዋጁ በ2016 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1333 ተተክቷል። ከተሞችና የክልል መሥሪያ ቤቶች ደግሞ የሚገዙት በክልሉ የግዥ ሕግ ነው። ስለዚህ አንቺን የሚገዛሽ እጅሽ ላይ ያለው ሰነድ ነው። «ለተጫራቾች የተሰጠ መመሪያ» የሚለውን ክፍል እስክሪብቶ ይዘሽ አንብቢው። ስለ ጥቃቅንና አነስተኛ የሚያወራበትን ቦታ ሁሉ አስምሪበት።

ሰነድሽ ያንኑ 3 በመቶ የሚል ከሆነ ምን ያህል እንደሆነ በቁጥር ልንገርሽ፤ ተቋራጩ አስተያየቱን አግንኖ ነግሯችኋልና። ለምሳሌ የአንዱን መጠለያ ዋጋ 70 ሺህ ብር አላችሁ እንበል። 12ቱ 840 ሺህ ብር ይሆናል። ሲወዳደር 3 በመቶ ተቀንሶለት እንደ 814 ሺህ 800 ብር ይታያል። አንድ ትልቅ ድርጅት 820 ሺህ ብር ካቀረበ ታሸንፉታላችሁ፤ የሚከፈላችሁም ያው 840 ሺው ነው። 800 ሺህ ብር ካቀረበ ግን ያሸንፋችኋል። አያችሁ? ትጠቅማለች፤ ግን ጠባብ ናት። የተሳሳተ ዋጋ ያስገባን ሰው አታድንም።

እናንተን ያሰናከላችሁ ዋጋው ሳይሆን ያ የልምድ መስፈርት ነው። እሱን በተመለከተ ብዙ ሰው የማይጠቀምበት መንገድ አለ። ጨረታው ከመዘጋቱ በፊት ማንኛውም ተጫራች በጽሑፍ ማብራሪያ መጠየቅ ይችላል። መሥሪያ ቤቱም መልሱን ሰነድ ለወሰዱት ሁሉ ያሳውቃል። ሰዎች ዝም ብለው ገብተው ከወደቁ በኋላ አቤት ይላሉ። አቤቱታ መብት ነው፤ ጊዜው ግን በቀናት የሚቆጠር ነው፤ ሥራው ለሌላ ሰው ከተሰጠ በኋላ ደግሞ አድካሚ ነው። ቀድሞ መጠየቅ ይሻላል።

ደብዳቤው አጭር ይሁን። ሁለት ነገር ጠይቂ። አንደኛ፣ ለመንግሥት ባይሆንም ለግለሰብ፣ ለትምህርት ቤት ወይም ለቤተ ክርስቲያን የተሠራ ተመሳሳይ የብረት ሥራ እንደ ልምድ ይያዝልናል ወይ? ሁለተኛ፣ 12ቱ መጠለያ በሦስት ሎት፣ ማለትም በሦስት የተለያየ ክፍል፣ ተከፍሎ አራት አራቱን መወዳደር ይቻላል ወይ? መልሱን እየጠበቅሽ አጥር ወይም በር የሠራችሁለትን ተቋም ሁሉ ዙሪና ማኅተም ያለበት የምስክር ወረቀት አጽፊ። ምን እንደሠራችሁ፣ በስንት ብር፣ በስንት ቀን እንዳስረከባችሁ ይጻፍበት። ፎቶ አያይዢበት። ያ የእውነት የልምድ ወረቀት ነው።

ይህን ዓምድ የሚያነብ የግዥ ባለሙያ ካለ አንድ ቃል ልበለው። ወንድሜ፣ ያንን የ3 ዓመት ልምድ መስመር ከድሮ ሰነድ ገልብጠህ ነው ያስገባኸው አይደል? ድልድይ አይደለም የምታሠራው። አራት ቋሚ፣ አንድ ጣሪያ፣ አንድ አግዳሚ ነው። የሙያ ብቃቱን ናሙና አሠርተህ ማየት ትችላለህ። ሥራውን በሎት ብትከፍለው ሦስት ማኅበር ያድርበታል። ሁሉንም ጠቅልለህ ለአንድ ሰው ስትሰጥ ግን ያ ሰው ዞሮ እነዚህኑ ልጆች በቀን ሂሳብ ይቀጥራቸዋል።

ብየዳ ሠሪዋ፣ ማብራሪያውን ስትጽፊ ስለ አግዳሚው ወንበርም አንሺላቸው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ውርጩ መሬት ላይ ጨው የተነሰነሰ ይመስላል። በዚያ ሰዓት ልጅ ያዘለች ሴት የላሜራ ወንበር ላይ ብትቀመጥ ምን እንደሚሰማት አንቺ ከመሐንዲሱ የበለጠ ታውቂያለሽ። መቀመጫው እንጨት ይሁን፣ ጀርባው ደግሞ ነፋስ ወደሚመጣበት ይዙር ብትዪ ጥሩ ሐሳብ ነው። አንቀበልም ቢሉሽም ምንም አይጎድልብሽም።

የወንድምሽ ነገር እውነት ነው፤ ግን ሙሉውን አልነገረሽም። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1983 ጀምሮ በፌዴራል ገንዘብ በሚሠራ የመንገድና የሕዝብ ትራንስፖርት ሥራ 10 በመቶው ለተገፉ አነስተኛ ድርጅቶች እንዲደርስ ግብ ተቀመጠ። ሴቶች የተጨመሩት እ.ኤ.አ. በ1987 ነው። እዚያም የእናንተ ተቋራጭ ዓይነት ሰው ሞልቷል። ለዚህ ነው ደንቡ ወረቀት አይቶ የማያልፈው። ባለቤትነቱ ቢያንስ 51 በመቶ የጠያቂዋ ሴት መሆን አለበት። ድርጅቱን የምትመራው እሷ ራሷ መሆኗን ደግሞ ቦታው ድረስ ሄደው ያያሉ። ስምን ማበደር እዚያ ሰው ያሳሰረ ወንጀል ነው። ሌላው የወደድኩላቸው ነገር ዋናው ተቋራጭ ገንዘቡን በተቀበለ በ30 ቀን ውስጥ በሥሩ ለሚሠራው ንዑስ ተቋራጭ እንዲከፍል መገደዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 ኦክቶበር ግን ደንቡ ተለውጧል። ሴት ነኝ ወይም ጥቁር ነኝ ማለት ብቻውን አይበቃም፤ እያንዳንዱ ባለቤት የደረሰበትን ጉዳት ራሱ ማስረዳት አለበት። ወንድምሽ የሚያወራው ምናልባት የቀድሞውን ነው። ከአሜሪካ ይልቅ ጎረቤታችንን ኬንያን ብናይ ይሻለናል። እዚያ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ከመንግሥት ግዥ 30 በመቶው ለወጣቶች፣ ለሴቶችና ለአካል ጉዳተኞች ድርጅቶች ተለይቶ እንዲቀመጥ ተደርጓል። ከ3 በመቶ የዋጋ ብልጫ ጋር አስተያዪው።

አሁን እንቅልፍ የሚነሳሽን ላንሳ። ገንዘቡን።

ብዙ የሴቶች ማኅበር የሚወድቀው በመሸነፍ አይደለም፤ በማሸነፍ ነው። ቁጥሩን አብረን እንሥራው። የአንዱ መጠለያ ወጪ 60 ሺህ ብር ነው እንበል። ለ12ቱ 720 ሺህ ብር ያስፈልጋል። ውሉ 30 በመቶ ቅድሚያ ክፍያ የሚፈቅድ ከሆነ ከ840 ሺው 252 ሺህ ብር ታገኛላችሁ፤ ለእሱም ዋስትና ይጠየቃል። የቀረውን 468 ሺህ ብር ከየት ታመጡታላችሁ? ብረት ነጋዴው አያበድርም። ክፍያው ደግሞ ከርክክብ ቀጥሎ አይመጣም። ርክክብ፣ ቃለ ጉባኤ፣ የክፍያ ጥያቄ፣ ፋይናንስ፣ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው»። ሁለት ሦስት ወር ሊፈጅ ይችላል። ሲከፈልም ቀድሞ የሚያዝ ግብር ተቀንሶ ነው። ለዚህ ነው በሎት ይከፈል ብለሽ ጠይቂ ያልኩሽ። አራት መጠለያ ከሆነ የሚጎድላችሁ 156 ሺህ ብር ነው። ይህ ለአምስት ሰው የሚቻል ነው።

ዋጋ ስትሠሩ ከሦስት ሱቅ ፕሮፎርማ አምጡ። ብረት ዛሬና ነገ አንድ አይደለም። ያስገባችሁት ዋጋ ደግሞ ሰነዱ ላይ ለተጻፈው ጊዜ ጸንቶ መቆየት አለበት። የጭማሪውን ግምት አስገቡበት። ከአዲስ አበባ የምታስመጡ ከሆነ የ130 ኪሎ ሜትሩን የመኪና ኪራይ አትርሱ። ኤሌክትሮድ፣ የግራይንደር ዲስክ፣ ፀረ ዝገት ቀለም፣ መብራት ሲጠፋ የጄኔሬተር ነዳጅ። የራሳችሁን ጉልበትም ቁጠሩ! ሴቶች ማኅበር ውስጥ ደጋግሜ ያየሁት ስህተት ይህ ነው። የብረቱን ዋጋ ደምረው፣ ትንሽ ትርፍ ጨምረው ያስገባሉ። «የእናንተስ ደመወዝ?» ስትያቸው «እኛማ ራሳችን ነን» ይላሉ። ስትበይጂ የዋልሽበት ቀን ዋጋ አለው። ቫት የተካተተበት ዋጋ ነው የሚፈልጉት ወይስ ያልተካተተበት የሚለውንም አጣሪ። 15 በመቶ በስህተት ቢገባ ወይም ቢወጣ ጨዋታው ያልቃል።

ለመሥሪያ ገንዘብ ጸደይ ባንክን ጠይቂ። የድሮው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም (አብቁተ) ነው፤ የክልሉን ጥቃቅን ተቋማት ያውቃል። ማሽን ከጎደላችሁ ደግሞ ዋልያ የካፒታል ዕቃ ፋይናንስ አለ። ማሽኑን ገዝቶ በኪራይ ግዥ ይሰጣል። የቤት ካርታ ለሌላት ሴት ይህ ትልቅ ነገር ነው። ባንክ ስትሄጂ የጨረታ ሰነዱንና የዋጋ ስሌትሽን ይዘሽ ሂጂ። ሂሳቧን የምታውቅን ሴት ባንክ በሌላ ዓይን ያያል።

ተቋራጩንም ቢሆን አትጣዪው። ከተማው ትንሽ ነው፤ ነገ ትገናኛላችሁ። እንዲህ በዪው፦ «ወንድሜ፣ ስማችንን አናከራይም። አንተ በራስህ ስም ግባ። ካሸነፍክ የብየዳውን ሥራ በውል ስጠን፤ በዚህ ዋጋ በዚህ ቀን እናስረክብሃለን።» በንዑስ ተቋራጭነት ማለቴ ነው። አሠሪው መሥሪያ ቤት ይህን አስቀድሞ በጽሑፍ ማወቅና መፍቀድ አለበት። ውላችሁ ላይ ክፍያው በስንት ቀን እንደሚፈጸም ይጻፍ። እንቢ ካለ ፍላጎቱ ገብቶሻል። እሺ ካለ ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት «ተመሳሳይ ሥራ የሠራ» ሲባል የምታቀርቢው እውነተኛ ወረቀት ይኖርሻል።

ስለ አባትሽ የጻፍሽው ልቤን ነካው።

እኛ ሸዋዎች ይህን ነገር ደፍረን አናወራውም። ማረሻው ከቀጥቃጭ እጅ ካልወጣ መንዝ አይታረስም፣ ሞረትና ጅሩ አይታጨድም። እንደዚያም ሆኖ የሠራልንን ሰው ጠይብ እያልን ከማዕድ ስናርቅ ኖረናል። ነውሩ የእኛ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ እንኳ ባለ እጅን በሙያው መስደብ እንዲቀር አዋጅ አስነግረው ነበር። አንኮበር ላይ የነገሡ ንጉሥ ናቸው፤ የሸዋን ሰው አፍ ያውቁታል። አዋጁ ከወጣ ከ100 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ስድቡ ግን አልሞተም። የግዥ ሕጉም ይህን አያይም። ሴትነትሽን ያያል፣ ጥቃቅንነትሽን ያያል። በአባትሽ ሙያ ስለተገፋሽው የሚጠይቅ ቅጽ የለም። ሊኖር ይገባል ብዬ አምናለሁ።

ጓደኛችሁ ፈርታ ነው እንጂ ክፉ አስባ አይደለም፤ አትቀየሚያት። ፍርሃቷ ከንቱ ነው አልልም። ግን የቴክኒክ ግምገማ ነጥብ በሰነዱ ላይ በተጻፈ መስፈርት ብቻ ነው የሚሰጠው። ኤንቨሎፑ ሲከፈት እዚያው ተገኙ፤ መብታችሁ ነው። የሁሉንም ተጫራች ዋጋ እየሰማችሁ በማስታወሻ ደብተር ጻፉ። ነጥብ ከተቀነሰባችሁ የተቀነሰበትን ምክንያት በጽሑፍ ጠይቁ። አንድ ሰው በአፉ የተናገረውን ስድብ በወረቀት ላይ በምክንያትነት ሊጽፈው አይችልም።

ስሙን ደግሞ አሁን ብትቀይሩት ንግድ ፈቃዱ፣ የግብር ቁጥሩ፣ የባንክ ሂሳቡ፣ ማኅተሙ ሁሉ ይቀየራል። ጨረታው ይዘጋባችኋል። በአባትሽ ስም ግቡ። ካሸነፋችሁ ብዙ አሠሪዎች የሠሪውን ስም በትንሽ ሰሌዳ ላይ እንድትለጥፉ ይፈቅዳሉ፤ ጠይቂያቸው። ከቻልሽ መናኸሪያው አጠገብ ያለው መጠለያ ላይ ይሁን። ከመሐል ሜዳም፣ ከአንኮበርም፣ ከሸዋ ሮቢትም የሚመጣው ሰው የሚወርደው እዚያ ነው።

ማብራሪያውን ሰኞ ጠዋት አስገቢ። ሁለት ቅጂ ይዘሽ ሂጂ፤ አንዱን መዝገብ ቤት ተቀብለው ቁጥርና ቀን ጽፈው ማኅተም ያድርጉልሽ። መልሱ ሲመጣ ጻፊልኝ፤ የዋጋ ስሌቱን ከማስገባትሽ በፊት አብረን እናየዋለን።